ቁም ሳጥን ውስጥ የፈነዳው ጠርሙስ፦ ስለ ረምና ስለ ዝንጅብል

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ ከሸንኮራ የሚጣራውን መጠጥ፣ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ረም ይዞ መጣ። እዚያ ‹ጂንጀር ቢር› ከሚሉት ጋር በበረዶ ይጠጡታል አለኝ። ይህን ነገር ከሱቅ ስላጣሁት መጀመሪያ ዝንጅብል አፍልቼ ከቢራ ጋር ቀላቀልሁት፤ የማይጠጣ መራራ ሆነ። ቀጥዬ 2 ሊትር ውሃ ላይ ዝንጅብል፣ አንድ ኩባያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምሬ፣ ክዳናቸው በሚዞር 3 ባዶ የመጠጥ ጠርሙሶች ሞልቼ ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ፈነዳ። እርሾው በዝቶ ነው ወይስ ጠርሙሱ ደካማ ሆኖ? ረሙ ሲያልቅስ በአረቄ ብተካው? የእህቴ ልጅ ምርቃት እየደረሰ ነው። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ሙስሊም የሆኑት የአባቴ ወገኖች ናቸው፤ ለእነሱ ረሙን ትቼ ዝንጅብሉን ብቻ ላቀርብ አስቤያለሁ።»

ከሁሉ በፊት የቀሩት ሁለት ጠርሙሶች። እንደ ተራ መጠጥ አንስተው እንዳይከፍቷቸው። በአንድ ቀን የተሞሉ፣ አንድ ዓይነት ፈሳሽ የያዙ ስለሆኑ ሦስተኛቸውን የሰበረው ግፊት በእነሱም ውስጥ አለ። ወፍራም ብርድ ልብስ ደርበው ይሸፍኗቸው፤ ልጆችንም ከክፍሉ ያስወጡ። የደሴ ሌሊት እዚህ ላይ ይረዳዎታል፤ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጋዝ በውስጡ ስለሚያሟሟ ግፊቱ ጋብ ይላል። ማለዳ ላይ ካፖርት ለብሰው፣ ጓንትና መነጽር አድርገው፣ በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለሉ በባልዲ ወደ ደጅ ያውጧቸው። ክዳኑን በወፍራም ፎጣ ሸፍነው፣ ፊትዎን አዙረው፣ ጢስ የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ብቻ ያላሉት፤ ድምፁ ሲቆም እንደገና ትንሽ። ከዚያ ይድፉት። ጣዕሙን ልሞክር አይበሉ፤ ፈሳሹ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ስሙ። ያሳሳተዎት ስሙ ነው። ጂንጀር ቢር ቢራ አይደለም፣ ዝንጅብል የገባበት ቢራም አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ዝንጅብልን ከስኳርና ከውሃ ጋር በእርሾ አብላልተው የሚጠጡት የቤት መጠጥ ነበር። ዛሬ በጠርሙስና በቆርቆሮ የሚሸጠው አብዛኛው ጋዝ የተሞላበት፣ አልኮል የሌለው፣ ከተራ ለስላሳ ይልቅ ምላስን የሚያቃጥል መጠጥ ነው። ቢራ ምሬቱን የሚያገኘው ከሆፕ ነው፤ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ሁሉ ሆፕም ለቢራ ነው። ምሬት ያለውን ቢራ፣ የሸንኮራ ጣፋጭ ጠረን ካለው ረምና ከተፈላ ዝንጅብል ጋር ማገናኘት ሦስቱንም ማጣላት ነው። ኮምቦልቻ የሚጠመቀውን ቢራ ለብቻው ይጠጡት።

ዝንጅብሉን ማፍላትዎም ሁለተኛው ስሕተት ነበር። የትኩስ ዝንጅብል ቃጠሎ በዋናነት ጂንጀሮል ከሚባል ውህድ ይመጣል። ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ከፊሉ ዚንጄሮን ወደሚባለው፣ ለስለስ ወዳለው ይለወጣል፤ ሎሚ ሎሚ የሚለው መዓዛም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ሲደርቅ ደግሞ ሾጋኦል ወደሚባለው፣ ይበልጥ ወደሚያቃጥለው ይለወጣል። የዝንጅብል ዱቄት ከትኩሱ በላይ ጉሮሮ የሚይዘው፣ ግን ደረቅ ደረቅ የሚለው ለዚህ ነው። ለሻይ የተፈላው ጥሩ ነው፣ ለወጥ ዱቄቱ ጥሩ ነው። ለዚህ መጠጥ የሚሆነው ግን እሳት ያልነካው ጭማቂ ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ለምን ፈነዳ? እርሾው አልበዛም። የእርሾ መጠን የሚወስነው ፍጥነቱን ነው፤ መጨረሻውን የሚወስነው ስኳሩ ነው። እርሾ 4 ግራም ስኳር ሲበላ 1 ሊትር ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣዋል። እርስዎ በ2 ሊትር ውሃ አንድ ኩባያ፣ ማለትም 200 ግራም ገደማ ስኳር አስገብተዋል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 100 ግራም ማለት ነው። ሁሉም ቢበላ በአንድ ሊትር ፈሳሽ ላይ 25 ሊትር ጋዝ ይጫናል። ከሱቅ የምንገዛው ለስላሳ በአንድ ሊትር የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ሊትር ያህል ነው። በዚያ ላይ የተጠቀሙበት ክዳኑ የሚዞር ጠርሙስ ጋዝ የሌለው የአልኮል መጠጥ የነበረበት ነው። እንዲህ ያለው ብርጭቆ ጋዝ የሌለው ፈሳሽ እንዲይዝ እንጂ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ስለዚህ ጠርሙሱ ደካማ አልነበረም፣ ያልተፈጠረበትን ሥራ ነው የሰጡት። እርሾውን ግማሽ ቢያደርጉት ኖሮ ፍንዳታው ትንሽ ይዘገይ ነበር እንጂ አይቀርም ነበር።

የቦታው ነገርም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ርቀቱ አጭር ነው፤ ዝቅ ያለው ግን ይሞቃል፣ ለእርሾም ሌላ አገር ነው። ደሴ ላይ ሦስት ቀን የሚፈጅ ነገር ኮምቦልቻ ላይ ባነሰ ጊዜ፣ ከዚያም ዝቅ ባለችው ባቲ ላይ ደግሞ ይበልጥ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ከሌላ ሰው የተቀበሉት «ይህን ያህል ቀን አቆየው» የሚል መመሪያ የት ከተማ እንደተሠራ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ፍንዳታው አይደለም። «ለአባቴ ወገኖች ዝንጅብሉን ብቻ አቀርባለሁ» ያሉት ነው። በእርሾ የተሠራው ዝንጅብል አልኮል አለበት። እርሾ ጋዙንና አልኮሉን ከአንድ ስኳር፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወጣው፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። በቂ አረፋ እንዲኖረው በሊትር 15 ግራም ስኳር ከተበላ፣ አልኮሉ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። አራት ቀን የቆየው የእርስዎ ደግሞ ከዚያ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ብርዝ ሲያድርና ሲሰነብት ወደ ጠጅ እንደሚሄድ ለወሎ ሰው አይነገርም፤ ይህም ያው ነው። በሃይማኖቱ ብያኔ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን በእኛ ድግስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል፤ አጎትዎ ሳያውቁ አልኮል የገባበትን ብርጭቆ እንዲያነሡ ማድረግ ያንን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጉንጭ ማፍረስ ነው። «በጣም ትንሽ ነው» የሚለው ምክንያት የአስተናጋጁ ሊሆን አይገባም፤ ጠጪው አውቆ የሚወስነው ነው።

እንግዲህ ምክሬ አንድ ነው፣ ለድርድርም አላቀርበውም፦ ለምርቃቱ እርሾ አይንኩ። ጥሬ የዝንጅብል ጭማቂ በስኳር ሽሮፕ አዘጋጅተው ከአምቦ ውሃ ጋር ብርጭቆው ላይ ይቀላቅሉት። አልኮል የለውም፣ አይፈነዳም፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። በእኔ ምላስም ከብዙዎቹ የቆርቆሮ ጂንጀር ቢሮች ይበልጣል፤ ዝንጅብሉ የዛሬ ነውና።

ገበያ ላይ ቆዳው የተወጠረ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል፣ የተቆረጠበት ቦታ ጭማቂ የሚያሳይ ዝንጅብል ይምረጡ። የተሸበሸበውን ለሻይ ይተዉት። 250 ግራም ገደማ በደንብ አጥበው፣ ቆዳው ንጹሕ ከሆነ ሳይልጡት፣ በካሮት መፈግፈጊያ ይፈግፍጉት፤ በሙቀጫ መውቀጥም ይቻላል፣ ነገር ግን ሙቀጫው ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ከሆነ ይቅርብዎ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ይከዳል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጨምቀው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ ያወጣሉ። ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይተኛል፤ ስታርች ነው። ላዩን ብቻ በቀስታ ይቅዱ፣ ዝቃጩ መጠጡን ዱቄት ዱቄት እንዲል ያደርገዋል። ለብቻው 200 ግራም ስኳር በ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ያሟሙና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሲቀዘቅዝ ከጭማቂው ጋር ያገናኙት። ትኩሱ ላይ ካፈሰሱት ያው ማፍላት ነው።

ይህ ልክ ለ14 ብርጭቆ ያህል ይበቃል፤ ለብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር። 40 እንግዳ ካለዎት ሦስት እጥፍ፦ 750 ግራም ዝንጅብል፣ 600 ግራም ስኳር፣ 5 ሊትር የሚጠጋ አምቦ ውሃ። ያዘጋጁት በዕለቱ ጠዋት ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ይህን የምለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ በዝንጅብል ቆዳ ላይ በተፈጥሮ እርሾ ስላለ ጭማቂው በሙቀት ውስጥ ሲሰነብት ራሱ መብላላት ሊጀምር ይችላል፤ በበር ያስወጡት አልኮል በመስኮት ተመልሶ ይገባል።

አምቦ ውሃን የመረጥሁት በየሱቁ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። ጋዙ ጠንከር ያለ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ አሲድን ያለዝባል። ስለዚህ በሌላ አገር የምግብ አሠራር ላይ «10 ሚሊ ሊትር ሎሚ» ቢባል እርስዎ 15 ያድርጉት። የእኛ ትንሿ ሎሚ መዓዛዋም ጎምዛዛነቷም ለዚህ የተመቸ ነው፤ የውጭውን ትልቁን ሎሚ ፍለጋ አይድከሙ። አምቦ ውሃ ከጠፋ ጋዝ ያለው ሌላ ውሃ ይሆናል። ስፕራይትም ይሆናል፣ ያን ጊዜ ግን ሽሮፑን ትተው ጭማቂውን ብቻ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበት፣ አለዚያ ማር ይሆናል።

በረዶው የሚሠራበት ውሃ መፍላት አለበት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻው አገር 1 ደቂቃ ሳይሆን 3 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ። አልኮሉ በረዶውን ያጸዳዋል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ በዚህ መጠን የቀጠነ አልኮል ምንም አያጸዳም።

አቀዳዱ ቀላል ነው። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ይሙሉ፤ የዝንጅብሉን ሽሮፕ 30፣ የሎሚ ጭማቂ 15፣ ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ 120 ሚሊ ሊትር በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርገው ያውርዱ። የደሴ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጋዝ ከክፍት ብርጭቆ ለማምለጥ ይቸኩላል፤ ሞቅ ያለ አምቦ ከከፈቱ ግማሹ አረፋ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ማንኪያ አንዴ ከታች ወደ ላይ፣ በቃ። ለማይጠጡት እንግዶች መጠጡ እዚህ ላይ አለቀ፣ ጎደሎ ነገር የለውም። ለሚጠጡት 50 ሚሊ ሊትር ረም በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ጥቁሩ ረም ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም እንደ ክረምት ደመና ወደ ታች ይዘረጋል። የአረቄ መለኪያ ከቤት ቤት መጠኑ ስለሚለያይ አይመኑት፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው የሳል ሽሮፕ ቆብ መጠኑን በሚሊ ሊትር ይነግርዎታል። ሁለቱን ጠረጴዛዎች ይለዩ፤ ረሙ የሚቀዳበት ማንኪያና ብርጭቆ ወደ ሌላኛው ገበታ አይሻገር።

ወንድምዎ የነገሩዎት መጠጥ «ዳርክ ኤንድ ስቶርሚ» የሚባለው ይመስለኛል፤ «ጨለማና ማዕበል» እንደማለት ነው። ከቤርሙዳ ደሴት የመጣ ሲሆን ስሙን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው ጎስሊንግ የተባለው የዚያው ደሴት ረም ሠሪ ነው። የዓለም አቀፉ የመጠጥ ቀላቃዮች ማኅበር ልክ 60 ሚሊ ሊትር ረምና 100 ሚሊ ሊትር ጂንጀር ቢር ነው። እኔ ረሙን ወደ 50 ያወረድሁት አውቄ ነው። 50 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ ረም 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ 13 ግራም። ስለዚህ አንዱ ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፤ ዝንጅብሉና ስኳሩ ደግሞ ጠረኑን ስለሚሸፍኑት እንግዳው እንደ ለስላሳ ይጨልጠዋል። ከምርቃቱ በኋላ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ አሽከርካሪ ካለ የእሱ ብርጭቆ ከማይጠጡት ገበታ ይቀዳ። በአንድም ቢሆን አልስማማም፤ ያንን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና መድኃኒት እየወሰዱ ያሉ ሰዎችም እንዲሁ።

በነገራችን ላይ ጥቁርነቱ ረሙ አርጅቷል ማለት አይደለም። ረም ከሸንኮራ ጭማቂ ወይም ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ይጣራል፤ ሲወጣ ነጭ ነው። ቀለሙን ከእንጨት በርሜል ያገኛል፣ ብዙ ጊዜም የተቃጠለ ስኳር ይጨመርበታል።

አንድ ጠርሙስ ረም 14 ወይም 15 ብርጭቆ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የአረቄው ጥያቄ በምርቃቱ ዕለት መምጣቱ አይቀርም። መልሴ አይሆንም ነው፣ በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው ጣዕም ነው፤ የቤት አረቄ የራሱ የጢስና የጌሾ ጠባይ አለው፣ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሁለተኛው ከባዱ ነው። ከማን ቤት፣ እንዴት እንደተጣራ የማያውቁት አረቄ ጥንካሬው አይታወቅም፤ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት ቢሆን ደግሞ በጠረንም በጣዕምም አይለዩትም። «በክብሪት ሲለኩሱት ሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው» የሚባለው መፈተኛ አይደለም፤ በዚህ ተማምኖ ለ40 ሰው መቅዳት አይገባም። ሜታኖል የጠጣ ሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው ዐይኑ የሚደበዝዘው፣ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ትንፋሹ የሚፈጥነው፤ «ሐንጎቨር ነው፣ ይተኛ» ተብሎ የሚያልፈው ሰዓት ዐይን የሚያሳጣው ሰዓት ነው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ረሙ ካለቀ በፋብሪካ የታሸገ፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ የአገር ውስጥ ጂን ይግዙ። ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር በደንብ ይስማማል። ቮድካም ይሆናል፤ ያኔ መጠጡ «ሞስኮ ሙል» የሚባለው ሆነ ማለት ነው። ኡዞ ግን አይሆንም፣ የአኒስ ጠረኑ ዝንጅብሉን ይውጠዋል።

ከምርቃቱ በኋላ፣ ለራስዎ፣ የእርሾውን መንገድ መሞከር ከፈለጉ አልከለክልም። ብርጭቆ ግን በፍጹም። ለስላሳ የነበረበት ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀሙ፤ ሃይላንድ የምንለው ስሱ የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም። ከአፉ አራት ጣት ጎደል ያድርጉት። ፕላስቲኩ ጥቅሙ እጅዎ ግፊቱን መለካት መቻሉ ነው፦ ጠዋትና ማታ ይጫኑት፣ እንደ አዲስ የለስላሳ ጠርሙስ ጠጥሮ እምቢ ሲል በዚያው ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ይጠጣ። ላዩ ላይ «አልኮል አለው» ብለው በትልቁ ይጻፉበት፤ ፍሪጁን የሚከፍቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ጨርቁ ውስጥ የቀረውን የዝንጅብል ገለባ አይጣሉት። ብዙ ቃጠሎ ይዞ ነው የቀረው፤ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ላይ አንዴ ያፍሉት። ለዚያ ማፍላቱ ልክ ነው።